ከግመሉ ጎን ያለው ክርን

ፎቶ ሊነሳ ሲል ትንፋሹን ይዞ ደረቱን የሚነፋ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? ሩቅ አትሂዱ፣ እኔ አለሁላችሁ።

በጣሊያን ጊዜ ነው። ሸዋ ሮቢት ገበያ መሃል አንድ ጣሊያን ፎቶ ማንሻውን ሲተክል ሰዉ ፊቱን እየሸፈነ ሸሸ። ከጠላት ጋር የተወዳጀን ሰው አርበኞች አይምሩም ይባል ነበርና። እኔስ? ሮጬ የጎረቤቴን ኮት ተውሼ መጣሁ! ከአንድ ግመል ጎን ቆሜ ትንፋሼን ያዝኩ። ጣሊያኑ እጁን ደጋግሞ ወደ ዳር አወናጨፈብኝ። ቁመናዬን ማድነቁ መስሎኝ ደረቴን ይበልጥ ነፋሁለት።

ከወራት በኋላ ፎቶው መጥቶ ሻይ ቤት ግድግዳ ላይ ተሰቀለ። ግመሉ ከነሻኛው ሙሉ ነው። ከእኔ የገባው አንድ ክርን ብቻ!

ባለቤቴ ግን ደስ አላት። «አላህ ነው የጋረደህ። በል አሁን አፍህን ያዝ» አለችኝ።

አፌን ያዝኩ? አንድ ቀን ጠመንጃውን ጋቢው ውስጥ የሸሸገ አርበኛ ሻይ ቤቱ ገባ። ፎቶውን ትኩር ብሎ አየና፣ «ይሄ ግመል የማን ነው? ስንቃችንን የሚጭንልን አጥተናል» አለ።

ቤቱ ጭጭ አለ። እኔም ጭጭ ብል በሕይወት እኖራለሁ። ግን ያን የመሰለ ክርን ባለቤት የሌለው ይምሰል?

«የግመሉን አላውቅም፤ ክርኑ ግን የእኔ ነው!» ብዬ ተነሳሁ።

አርበኛው ወደ ፎቶው ተጠጋ። «የቱ ክርን?» አለኝ።

ሄጄ በጣቴ አሳየሁት።