ሳይደክሙ መሸነፍ

የድካም መድኃኒት የማያውቅ ሰው አይተው ያውቃሉ? አንዱ ማር በነጭ ሽንኩርት ያዝልዎታል፤ ሌላው ተልባ በጥብጠው ይጠጡ ይልዎታል። ይተኙ የሚል ግን የለም። እኔ በጋዜጠኝነት ስኖር የለመድኩት አንድ ጥያቄ ነው፦ ማስረጃው የታለ? በዚህ ጠባዬ የተነሳ ድግስ የሚጠራኝ ሰው ቀንሷል። ለዳኝነት ግን ይፈልጉኛል።

አንድ መሥሪያ ቤት አለ፤ የአሰላና የሮቤ ቅርንጫፎቹ በየዓመቱ ገመድ ይጓተታሉ። ሁልጊዜ ሮቤ ያሸንፋል። የአሰላው አምበል ጋሽ ግርማ ደግሞ ዘንድሮ ጡረታ ሊወጡ ነው። "አንዴ እንኳ ሳላሸንፍ ብወጣ ሽኝቱ ላይ ምን ብለው ሊያወድሱኝ ነው?" እያሉ ሲብሰለሰሉ የግምጃ ቤቱ ከድር መጣ።

"ጋሼ፣ መፍትሔው ፖሊሳካራይድ ነው!"

"ምንድን ነው እሱ? ክትባት?"

ከድር ከስልኩ እንዳነበበው፣ ተክል ውስጥ ያለ፣ እንደ ሰንሰለት የተቀጣጠለ የስኳር ዘር ነው፤ ድካም ያዘገያል ይባላል። ተልባና አብሽ ሲነከሩ የሚያዝለገልጋቸው እሱ ነው፤ ገብስ ውስጥም አለ። ማስረጃ ጠየቅሁ። አይጦች ተሰጥቷቸው ሳይደክሙ ብዙ ዋኙ አለኝ።

"አይጥ ገመድ ጎትቷል?"

"አንተ ደግሞ! አይጥ ከዋኘ የአርሲ ሰው አይጎትትም?"

በዋዜማው ተልባና አብሹን ከበሶ ጋር በባልዲ በጠበጠው። ጠዋት ሜዳው ላይ ሲከፍተው ረግቷል። ባልዲውን ቢገለብጠውም አልወርድ አለ። መቼም የገብስ አገር ሰው በሶ ወፈረ ብሎ አይደነግጥም፤ አልጠጣ ያለ በሶ ጭብጦ ይሆናል። ከድር በሶ ጨመረበት፣ ቅቤ ለቀቀበት፣ "ኢጆሌ፣ ብሉ!" አለ። ቡድኑ በሙሉ በእጁ እየጨበጠ ዋጠው። ጋሽ ግርማም ደገሙ።

የሮቤው አምበል ከወዲያ ማዶ፣ "ተልባ ቢንጫጫ ባንድ ሙቀጫ!" እያለ ይስቃል።

የእጅ መታጠቢያ ውሃ ያሰበ አልነበረም። ልብሳቸው ላይ እንዳይጠርጉት ቱታው አዲስ ነው።

ፊሽካውን ነፋሁ። አሰላዎች ባላቸው ኃይል ሳቡ። ገመዱ ከቅቤና ከተልባ ልጋግ መካከል ሾልኮ ሄደ። እነዚህም በጀርባቸው፣ እነዚያም በጀርባቸው። ገመዱ ግን ከሮቤዎች ጋር ነው። አለቀ። ጭብጦውን መዋጥ የበለጠ ጊዜ ወስዷል።

የሮቤው አምበል ከወደቀበት ሳይነሳ፣ "ጋሽ ግርማ፣ ቅቤ እኮ ለአናት ነው!" አለ።

ጋሽ ግርማ ሳሩ ላይ ተንጋለው ሰማይ ሰማይ ያያሉ። ከድር ጎንበስ አለላቸው።

"ጋሼ፣ ደከመዎት?"

ትንሽ አሰቡ። "ኧረ... ምንም አልደከመኝም።"

"ይኸው ማስረጃ!" ብሎ ወደ እኔ ዞረ። ሁሉንም አንድ በአንድ ጠየቅሁ። የደከመው ሰው ጠፋ። እውነት ባይጥምም እውነት ነው።

ሰኞ ዕለት ጋሽ ግርማ አገልግሎታቸው በአንድ ዓመት እንዲራዘም ጠየቁ። ኃላፊው ምክንያቱን ቢጠይቋቸው "አልደከመኝማ!" አሉ፤ ምስክር ሲባሉም እኔን ጠሩ። ምን ላድርግ? ያየሁትን መሰከርኩ፤ ተፈቀደላቸው።

ከድር ለከርሞው ቅመማውን አንድ ነገር ጨምሮ እንደሚያሻሽለው ነግሮኛል። ሳሙና።