የደም ግፊት ጉግስ

ፈረስ ያለው ወንድ አይታመምም። ይሞታል እንጂ አይታመምም!

ይህን የምለው ዝም ብዬ አይደለም፤ ዕድሜዬን ሙሉ ነርስ ሆኜ ያየሁት ነው። ሴቷ ራሷን ሲያማት ጤና ጣቢያ ትመጣለች። ልጇን ሲያስለው ትመጣለች። ባሏ ሲያንኮራፋ እንኳ «ይሄ ነገር በሽታ ይሆን እንዴ?» ብላ ትመጣለች። ወንዱ ግን... ጎልማሳ ከሆነ ጀምሮ ጤና ጣቢያ የሚረግጠው ወይ ሰው ሊጠይቅ ነው፣ ወይ ተሸክመውት ነው።

እዚህ ቆሰበር ደግሞ ነገሩ ይብሳል። (እንጅባራ በሉት ከፈለጋችሁ፤ እኔ የለመደብኝን እላለሁ።) የእኛ ሰው ፈረሱ ሣር ሲቀንስ ያውቃል። ጆሮውን ሲጥል፣ አንድ እግሩን ሲያሳርፍ፣ ፋንድያው መልኩን ሲለውጥ ሁሉን ያውቃል። የራሱ ራስ ምታት አልለቅ ሲለው ግን «ፀሐይ መታኝ» ይላል። በቆሰበር ብርድ! የትኛዋ ፀሐይ?

የሠራሁት ዳንግላ ነው። ጡረታ ስወጣ ለምን ወደዚህ እንደመጣሁ የሚጠይቁኝ አሉ። ይጠይቁ። ይህ የጋዜጣ ዓምድ እንጂ የንስሐ አባት ፊት አይደለም። ዛሬ የማወራችሁ ስለ እኔ ሳይሆን ስለ አንድ ሰው ነው። እንዳላማው እንበለው። ስሙን ቀይሬዋለሁ፤ የሰው ምስጢር መጠበቅ ሙያዬ ነውና። ፈረሱ ግንባሩ ላይ ነጭ ያለበት ዳማ ነው። እሱን አልቀየርኩትም።

ይህ እንዳላማው ጎረምሳ ሳለ ዳንግላ ገበያ መጥቶ እግሩን ሚስማር ይወጋዋል። እያነከሰ ወደ ጤና ጣቢያችን ገባ። የመንጋጋ ቆልፍ መከላከያ ክንዱ ላይ ልወጋው መድኃኒቱን ከብልቃጡ ስቀዳ... ድው! ወለሉ ላይ ተዘረረ። ውኃ ረጭተን አነቃነው። ዓይኑን ገልጦ እኔን ሲያየኝ ተነሥቶ እያነከሰ በሩን ጥሶ ወጣ። መርፌው ገና በእጄ ነው እኮ!

ከዚያ ገበያ መሐል ቆሞ ምን ቢል ጥሩ ነው? «ያቺ ነርስ ነርቬን ነክታ ሽባ ልታደርገኝ ነበር!» ይኸው እያነከሰ አይደል? ማን ሚስማሩን ይጠይቃል? ዳንግላ ውስጥ ወሬ የሚሄደው በጋሪ ነው፤ ግን ከመኪና ይቀድማል። ከዚያ በኋላ መርፌ የታዘዘለት ሁሉ በሩን ገፋ አድርጎ እኔን ሲያይ «ሌላ ሲስተር የለችም?» ይላል።

«የለችም፤ እኔ ነኝ የምወጋህ።»

«ግዴለም... ተሽሎኛል!»

ስንቱን በሽተኛ ሳልነካው አዳንኩት!

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል። እኔ ደግሞ ሳልወጋ የተወጋሁ ነኝ። እንዴት ልርሳ?

ይኸው እንግዲህ ጡረታ ወጥቼ ቆሰበር ብገባ፣ እንዳላማው ጎልምሶ፣ ሦስት ቤት አልፎ ጎረቤቴ ሆኖ፣ የሰፈሩ ፈረሰኞች አለቃ ተብሎ ጠበቀኝ። በመንገድ ስንገናኝ ቆቡን አውልቆ «እትዬ፣ እንደምን ዋሉ?» ይለኛል። እኔም «እግዚአብሔር ይመስገን» እላለሁ። የምለው ለእግዚአብሔር ነው።

የፈረሰኞቹ የጥር በዓል ሲቃረብ፣ ጤና ጣቢያ የምትሠራው ወጣቷ ነርስ ሲስተር ብርቱካን ፊቷን ጥላ ቤቴ መጣች።

«ሲስተር፣ ወንዶቹ አልመጡም።»

«የትኞቹ ወንዶች?»

«ጎልማሶቹ ናቸዋ! ሠላሳ ዓመት ያለፈውን ሰው ሁሉ ግፊቱን ለኩ ተብለናል። ማስታወቂያ ለጠፍን፣ በድምፅ ማጉያ ጠራን... የሚመጡት ሴቶች ብቻ። ዛሬ አንድ ወንድ ብቅ ሲል ደስ ብሎኝ ወንበር ሳብኩለት። ለካ ሚስቱን ፍለጋ ነው!»

«የኔ ልጅ፣ ሚዳቋ የምትታደነው ውኃ በምትጠጣበት ነው። ፈረሰኞቹ የሚለማመዱበት ሜዳ ሂጂላቸው።»

«ብቻዬን? ይስቁብኛል። እርስዎ አብረውኝ ቢመጡ...»

አለቃቸው ማን እንደሆነ ነግሬያችኋለሁ አይደል? «ጫማዬን ላድርግ» አልኳት።

ወደ ጥርባ በሚወስደው መንገድ ዳር ያለው ሜዳ ስንደርስ ጉግሱ ደርቷል። ፈረሱ ይጋልባል፣ አቧራው ይጨሳል፣ ወንዱ ይጮኻል። እኔ ከባጃጁ ወርጄ ወገቤን እስካቀና ድረስ ብርቱካን በችኮላዋ አንዱን ከፈረስ እንደወረደ፣ እያለከለከ፣ ዱላውን እንኳ ሳይጥል የግፊት መለኪያውን ክንዱ ላይ ጠምጥማበት ኖሯል። «ቆይ፣ መጀመሪያ ይረፉ!» ብዬ ብጮኽ ማን ይሰማል? መሣሪያው ጢጥ አለ፤ ቁጥሩ ብቅ አለ።

«ስንት አመጣሁ?» አለ ሰውየው።

«መቶ ሃምሳ። ትንሽ ከፍ ብሏል...»

«ከፍ ብሏል! ሰማችሁ? ከፍ ብሏል አለች!»

አለቀ። ከዚህ በኋላ የሆነውን ሌላ አገር ብነግራቸው አያምኑኝም፤ እናንተ ግን ፈረሰኛ ታውቃላችሁ። የእኛ ፈረሰኛ ቁጥር ካየ ውድድር ነው! ተሰለፉ። ጤና ጣቢያ ተለምነው ያልመጡት ወንዶች በክርን እየተገፋፉ ክንዳቸውን ገልጠው ተሰለፉ!

«መቶ ስድሳ!»

«ይበል! የአባቱ ልጅ!»

ቀጥሎ አለምነህ የሚባል ዝምተኛ ሰው ተቀመጠ። ገና ፈረሱን አልጫነም ነበር። መቶ አሥራ ስምንት። ሜዳው በሳቅ ፈረሰ።

«ምነው አለምነህ? መቶ ሃያ እንኳ አትሞላም?»

«ቁርስ ሳልበላ መጥቼ እኮ ነው!»

«አይዞህ፣ ለሚስትህ አንነግርም!»

ምስኪን ብርቱካን «ኧረ የእሱ ነው ጥሩው!» ትላለች። ማን ሊሰማት! አለምነህ እንባው በዓይኑ ሞልቶ ፈረሱን ጫነ፤ ሜዳውን በሽምጥ ዞሮ፣ ላብ በላብ ሆኖ ተመለሰና ክንዱን ዘረጋ። «አሁን ለኪኝ!»

በመጨረሻ አለቃው መጣ። እንዳላማው ከዳማው ወረደ፣ ጋቢውን ለሰው አቀበለ፣ ክንዱን እንደ ጋሻ ዘረጋ። «ጠበቅ አድርጊው እንጂ!» አላት። መሣሪያው ሲያጓራ፣ ሲያጓራ ቆየና ቁጥሩን ሰጠ። መቶ ዘጠና።

እልልታ! ፉከራ! ተሸከሙት እኮ ጃል! በትከሻቸው አንሥተው ሜዳውን አዞሩት። ብርቱካን እጄን ይዛ «ሲስተር፣ ምን ላድርግ? እያጨበጨቡለት እኮ ነው!» አለች።

እኔ በዳንግላ የገበያ ቀን ጫጫታ በሽተኛ እየጠራሁ ድምፅ ያወጣሁ ሴት ነኝ። ሲለኩ የሚቀመጡበት ዱካ ላይ ወጣሁ።

«እናንተ ሰዎች! ፈረስ ልትገዙ ገበያ ስትወጡ ምን ታያላችሁ?»

«ጥርሱን!» አለ አንዱ።

«አረማመዱን!»

«ጋልባችሁ ከወረዳችሁ በኋላስ?»

«ቶሎ መብረዱን» አለ አለምነህ።

«ቆሞም ልቡ አልበርድ ያለውንስ?»

ከሁሉ በላይ ጮኾ የመለሰው ከትከሻ ላይ ሳይወርድ እንዳላማው ነው። «እሱማ በነፃም አይወሰድ! ውስጡ የታመመ ነው!»

«እንግዲያው ውድድሩ ገና አሁን ጀመረ። ሁላችሁም ሣሩ ላይ ቁጭ በሉ። ወሬ የለም፣ ሲጋራ የለም። ቶሎ የበረደ ያሸንፋል!»

ፈረሰኛን ዝም ማሰኘት ጅረትን ዝም ከማሰኘት ይከብዳል። አንዱ ፈረስ ባሽካካ ቁጥር ባለቤቱ «ያ የኔ ነው» ሊል ብድግ ይላል፤ እኔ «ዝም!» እላለሁ። እንደምንም በረዱ። ብርቱካን እንደገና ለካች። መቶ ሃምሳው ወረደ፣ መቶ ስድሳው ወረደ፣ አለምነህም ወደ ቀድሞው ቁጥሩ ተመልሶ አንደኛ ወጣ፤ ፊቱ እንደ ሙሽራ በራ። እንዳላማው ደረሰ።

መቶ ሰማንያ አምስት።

«ያኛውን ክንድ» አለ። ያኛውም ያው ነው። «መሣሪያው ነው። ባትሪው አልቋል።» ማንም አልሳቀም። እኔም አልሳቅኩም። የአባቱን አሟሟት ሁላችንም ሰምተናላ። በልጃቸው ዕድሜ እያሉ ነው ያረፉት። ፈረስ ጣላቸው ይባላል። ፈረሱ ግን ቆሞ ነበር።

እንዳላማው በአገውኛ አንድ ነገር አጉረመረመ፤ ትርጉሙን ጋዜጣ ላይ አልጽፈውም። ተነሥቶ ወደ ዳማው ሄደ። ተከተልኩት። ለምን እንደተከተልኩት ለጊዜው ተዉት።

«እንዳላማው፣ ራስህን አያምህም?»

«ፀሐይ ነው፣ እትዬ።»

«ጠዋት ጠዋትም ፀሐይ ነው?»

ፊቱን ወደ ኮርቻው አዞረ።

«በል ነገ ጤና ጣቢያ ሂድ። በአንድ ቀን ልኬት አይፈረድም፤ ደግመው ደጋግመው ያዩሃል።»

«በዓል ደርሶ? ሥራ አለብኝ።»

«አባትህም ሥራ ነበረባቸው።»

የኮርቻውን መቀነት ሲያጠብቅ እጁ ቆመ። ግራ ቀኝ አየ። ከዚያ፣ ለፈረሱ የሚያወራ አስመስሎ፣ በሹክሹክታ፦

«እትዬ... መርፌ አለው እንዴ?»

ወይ አምላኬ! ስንት ዘመን የጠበቅኩት ጥያቄ! የሰፈሩ ፈረሰኛ ሁሉ ከኋላዬ ጆሮውን አቁሟል። ድምፄን ትንሽ ከፍ ባደርግ፣ «እንዳላማው መርፌ ፈርቶ ነው!» ብል፣ የዳንግላ ገበያ ዕዳዬ በአንድ ቃል ይወራረዳል። ምላሴ ጫፍ ላይ ደረሰ። ግን ያን ጊዜ ዳማው ላይ ይወጣል፤ ከወጣ ደግሞ ማንም አያወርደውም፣ እንደ አባቱ እስኪወድቅ። ዋጥኩት። በሕይወቴ ከዋጥኩት ሁሉ እንደሱ የመረረኝ የለም፤ ኮሶንም ጨምሮ።

«የለውም» አልኩት ቀስ ብዬ። «እንክብል ነው። በውኃ የሚዋጥ።»

«ይማሉልኝ።»

«አልምልም። ሂድና እይ።»

ከጣቱ ጠብታ ደም ለስኳር ምርመራ እንደሚወስዱ አልነገርኩትም። ያ መርፌ አይደለም፤ ቁንጫ ነው።

ሄደ። ጋቢውን እስከ ዓይኑ ተከናንቦ፣ የባጃጁን መጋረጃ አስጥሎ ሄደ። ጣቱን ሊነኩት ሲሉ «ትንሽ ልረፍ» ብሎ ቀድሞ አልጋው ላይ እንደተጋደመ ብርቱካን ነግራኛለች። (ለእኔ ብቻ ነው የነገረችኝ፤ እኔም ለእናንተ ብቻ።) በተለያየ ቀን ለክተውት፣ አልወርድ ስላለ መድኃኒት ተጀመረለት። ጨው ቀነሰ፣ አረቄውን ተወ። «ተሽሎኛል» ብሎ እንክብሉን ሊያቆም ሲል ሚስቱ ያልጋነሽ «ፈረሱን ለወንድምህ እሰጠዋለሁ!» ብላ አስቀጠለችው። አሁን ግፊቱ ወርዶ ልክ ገብቷል።

ታዲያ አመሰገነኝ መሰላችሁ? ዛሬ ያ ሰው የሰፈራችን ጤና አስተማሪ ነው! ሠርግ ቤት ወጡን ቀምሶ «ጨው በዝቷል» የሚል እሱ፤ ለቡድኑ ወንድ ሁሉ «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» የሚል እሱ። ሜዳ ላይ ብርቱካን ስትመጣ «ቁጭ በሉ! ቶሎ የበረደ ያሸንፋል! ይህን ሕግ ያመጣሁት እኔ ነኝ» ይላል። አንዱ «እትዬ አይደሉ እንዴ ያሉት?» ቢለው ምን መለሰ?

«አዎ፣ እሳቸውም ነበሩ መሰለኝ።»

መሰለኝ!

ሰሞኑን ያልጋነሽ ቤቴ መጥታ፣ ሙሉ እንስራ ቅራሪ አስቀምጣ፣ እጄን ሳመችና ጠየቀችኝ። «እትዬ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና... እርስዎ የእኔን ሰውዬ አይወዱትም። ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ታዲያ ምን ብለው እንዲህ ደከሙለት?»

ለእሷ «ሙያዬ ነው» አልኳት። ለእናንተ ግን እውነቱን ልናገር።

ጎረቤቴ ነው። ዕድርተኛዬ ነው። ቢሞት ኖሮ እኔ ከማን አንሼ እቀራለሁ? ነጠላዬን አዘቅዝቄ ድንኳኑ ውስጥ ፊት ለፊት መቀመጤ ነው። በአገራችን ደግሞ ሙት አይወቀስም። ደረቴን እየመታሁ «ወይኔ እንዳላማው! ደጉ! እውነተኛው! ለሰው አዛኙ!» ልል ነው... እኔ! ለእሱ! በሰው ፊት!

ስለዚህ እናንተ ጎልማሶች፣ ከፈረሳችሁ ውረዱና ግፊታችሁን ተለኩ። ለራሳችሁ ባታዝኑ እንኳ ለጠላቶቻችሁ እዘኑ። በውሸት አታስለቅሱን።