ቪዛው እስኪመታ ለማንም እንዳትናገር

የውጭ ጉዞውን ከገዛ ጥላው የሚደብቅ ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? እኛ መርካቶ ሞልቶናል። ቪዛው ሳይመታ ከተወራ የሰው ዓይን ያሰናክለዋል ባይ ነው።

የሱቅ ጎረቤቴ ጋሼ ደምሴ ብርድ ልብስ ነጋዴ ናቸው። ዕቃ ሊያስመጡ ውጭ ለመሄድ ሲሰናዱ ፓስፖርታቸውን ከብርድ ልብሱ ክምር ሥር ደበቁ። ከዚያ «ማንም ቢጠይቅህ፣ ደምሴ የትም አይሄድም በል» ብለው በተክልዬ አስማሉኝ። እኔ ደግሞ በተክልዬ ቀልድ አላውቅም።

አንድ ቀን ከኤምባሲ ተደወለልኝ። ለካ ጋሼ ደምሴ ቅጹ ላይ «የሚያውቀኝ ሰው» ብለው የእኔን ስልክ ሞልተዋል።

«አቶ ደምሴ ለንግድ ሊጓዙ ነው?» አለችኝ ሴትዮዋ።

«የትም አይሄዱም» አልኳት ኮስተር ብዬ።

ቪዛው ተከለከለ። ጋሼ ደምሴ ፊታቸው ጠቁሮ መጡ።

«ለማን አውርተህ ነው?»

«ኧረ ለማንም ትንፍሽ አላልኩም፣ ጋሼ። ኤምባሲው ራሱ ደውሎ ሲጠይቀኝ እንኳ ደብቄያለሁ» አልኳቸው።