ብሉ ቢባሉ የማይበሉት እንግዶች

አዲስ አበባ ውስጥ «ጠገብኩ» ብሎ የታመነ ሰው እስከ ዛሬ አልተገኘም። ምክንያቱም በየግቢው፣ በየኮንዶሚኒየሙ፣ በየመሥሪያ ቤቱ አንዲት የምግብ ባለሥልጣን አለች። ማን እንደሾማት አይታወቅም፤ ሥራዋ ግን ይታወቃል። ያልበላውን ታስበላለች፣ የበላውን ታስደግማለች።

ቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን ጀርባ ባለው ግቢያችን ይህ ሥልጣን በክብርት እትዬ አስቻለች እጅ ነው። እትዬ አስቻለች ጡረታ የወጡ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ናቸው፤ ካዛንቺስ የነበረው ቤታቸው ሲፈርስ ነው አጠገቤ ያለችውን ክፍል የተከራዩት። እኔ ወንደላጤ ስለሆንኩ ራት የምበላው እሳቸው ዘንድ ነው። በአንድ ራት ላይ ቢያንስ አራት ጊዜ «በሞቴ» ይሉኛል። ለአንዲት ጉርሻ ሲሉ ነፍሳቸውን እንዲህ በቀላሉ የሚያስይዙ ሴት አይቼ አላውቅም።

ቆጣሪ ሊያነብ የመጣ ሰው ሁለት ሰሃን በልቶ፣ ቁጥሩን ሳይጽፍ ሄዷል። እኔ ጥርሴን ተነቅዬ ግማሽ ፊቴ ደንዝዞ የተመለስኩ ዕለት «ታዲያ በዚያኛው በኩል አኝካ!» ብለውኛል።

እንዲህ ያሉ ሴት ናቸው እንግዲህ ከኢያቄም ኒውቶች ጋር የተገናኙት።

ኢያቄም የሥራ ባልደረባዬ ነው። ነሐሴ መግቢያ ላይ ለሦስት ሳምንት ወደ ገጠር ለሥራ ሲወጣ፣ ኒውት የሚባሉ ሁለት እንሽላሊት የሚመስሉ፣ ሆዳቸው ብርቱካንማ የሆነ የውሃ ውስጥ ፍጥረቶች ከነመስታወት ሳጥናቸው ቤቴ አምጥቶ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠ። «ታዲዎስ፣ አደራ። አሥራ አንድ ዓመት አብረውኝ ኖረዋል፤ ከትዳሬ ይበልጣሉ» አለኝ። መመሪያውንም በወረቀት ጻፈልኝ፤ ውሃቸው ቀዝቃዛ ይሁን፣ የቧንቧ ውሃ ሳያድር አይጨመር፣ በእጅ አይነኩ፣ የሚበሉት ትል ነው።

በመጀመሪያው ቀን አልበሉም። በሁለተኛውም አልበሉም። ትሉ አፍንጫቸው ሥር ሲላወስ ዝም ብለው ያዩታል።

ወሬው እትዬ አስቻለች ጆሮ ለመድረስ አፍታም አልፈጀበት። መጡ፤ መነጽራቸውን አድርገው ጎንበስ አሉ።

«ትል የጾም ነው የፍስክ?» አሉኝ።

«እኔ እንጃ እትዬ።»

«በቃ ፍልሰታን ይዘው ነው! አየህ? ፍጥረት እንኳ ያውቃል።»

ሦስት ቀን ሙሉ ግቢው እንግዶቹን አከበራቸው። ጎረቤታችን አቶ ፍቅሬ እንኳ ሲያልፉ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጉ ነበር። በስድስተኛው ቀን ግን እትዬ አስቻለች ብይናቸውን ሻሩ። «ጾም ቢሆንማ ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ይቀምሱ ነበር። ይሉኝታ ነው የያዛቸው፤ ሰው ቤት ሆኑብን፣ መለመን ነው የሚፈልጉት።»

ተለመኑ። መስታወቱ በጣት ተንኳኳ፣ ሽሮ ቀረበላቸው፣ የዳቦ ፍርፋሪ ተበተነላቸው። አንድ ቀን ከቢሮ ስመለስ ሳጥኑን እትዬ አስቻለች ምድጃ አጠገብ በጋቢ ተጠቅልሎ አገኘሁት፤ ውሃው ለብ ብሏል።

«እትዬ! ቀዝቃዛ ይሁን ነው የተባለው!»

«በዚህ ክረምት? ማነው ይሄ ጨካኝ?»

ግራ ገባኝ። ኢንተርኔት ብከፍት አንዱ ሙቀቱ ነው ይላል፣ አንዱ ብርሃኑ ነው ይላል፣ ሌላው ውሃውን ቀይር ሲል አራተኛው እንዳትቀይር ይላል። የኢያቄም ስልክ አይሠራም። ቀን ቢሮ ተቀምጬ ደብዳቤ ስጽፍ የማስበው ሁለት እንሽላሊት ሆነ። አሥራ አንድ ዓመት የኖሩ ነፍሶች እኔ እጅ ላይ ቢሞቱ ለኢያቄም ምን ብዬ እነግረዋለሁ?

በአሥረኛው ቀን ከሁለቱ ትንሹን ሆዱ ጎድጉዶ ድንጋዩ ሥር ተኝቶ አገኘሁት። እትዬ አስቻለችን ጠራኋቸው። ትል ሲያዩ የሚጮኹት ሴትዮ በዝናብ ወጥተው፣ ከአጥሩ ሥር በሻይ ማንኪያ ስድስት ትል ቆፍረው መጡ። አንዱን በቅንድብ መንቀያ ይዘው ውሃው ውስጥ አስጠጉለት።

«እንካ የኔ ልጅ፣ ይቺን ብቻ። በሞቴ!»

ትንሹ ቀስ ብሎ ዞረና ጀርባውን ሰጣቸው።

እትዬ አስቻለች ወንበር ላይ ቁጭ አሉ።

«ቤት ተለውጦባቸው እኮ ነው» አሉ። «እኔ ራሴ ከካዛንቺስ የመጣሁ ሰሞን ሳምንት ሙሉ እህል በጉሮሮዬ አልወርድ ብሎኝ ነበር። እናንተ ደግሞ በሬን እያንኳኳችሁ ይብሉ፣ ይብሉ! አንዱ መኮሮኒ ይዞ ይመጣል…»

«መኮሮኒው የኔ ነበር» አልኩ።

«ለአቶ ፍቅሬ ውሻ ሰጠሁት። አትቀየመኝ። አንድ ቀን ሁላችሁም ስትተዉኝ ነው ብቻዬን ዳቦ የቆረስኩት።»

ተነሱ። ሳጥኑን ከበሩ ጀርባ ቀዝቀዝ ወዳለው ጥግ አዛወርነው፤ መደበቂያ እንዲሆናቸው የድስት ስባሪ አስገቡላቸው፣ ትሎቹን ጨመሩ፣ ዙሪያውን በነጠላቸው ሸፈኑት። ከዚያ ወንበራቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ፤ እኔንም አዞሩኝ። ሁለት ትልልቅ ሰዎች ግማሽ ሰዓት ሙሉ ግድግዳ ላይ አፈጠጥን። በጎን ሳያቸው ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፤ «በሞቴ»ን በግድ ነው የሚውጧት።

ነጠላውን ስንገልጥ አራት ትል ቀርቷል። በማግስቱ አንድም አልነበረም። እትዬ አስቻለች አለቀሱ፤ እኔም ብሆን እንባዬ እንዳይታይ ፊቴን ማዞር ነበረብኝ።

ኢያቄም መጥቶ «ወፍረዋል እኮ!» ብሎ ይዟቸው ሄደ።

እትዬ አስቻለች ግን ተለወጡ። የዚያን ዕለት ራት ሰሃኑን ፊቴ አስቀምጠው፣ ምንም ሳይሉ ወንበራቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። አንድ ሁለቴ ጎረስኩ። ምግቡ ያው የወትሮው ሽሮ ነው፤ አልሄድ አለኝ።

«ጠገብኩ» አልኩ።

«እሺ» አሉና ሰሃኑን ሊያነሱ እጃቸውን ዘረጉ።

ታመንኩ! በአዲስ አበባ የመጀመሪያው ሰው ሆንኩ፤ እንደዚያን ቀን ግን ተርቤ አላውቅም። ሰሃኑን በሁለት እጄ ያዝኩት።

«እትዬ፣ ምነው? አንዴ እንኳ አይሉኝም?»

ትክ ብለው አዩኝ። ወንበራቸውን መለሱ፣ እጃቸውን ታጠቡ፣ ጡጫ የሚያህል ጉርሻ ጠቀለሉ።

«በሞቴ!» አሉ።

አፌን ከፈትኩ።