የቅዱስ ዮሴፍ ጽዋ ከጋሽ ላቀው ቤት ሲቀር

ሰው ማኅበር የሚገባው ለጠላው ነው የሚሉ አሉ። እኔ ግን ፈርቶ ይመስለኛል። የሞተ ቀን ሬሳውን የሚያነሳ ሰው እንዳያጣ ይፈራል፤ ይህን ፊት ለፊት መናገር ደግሞ ያሳፍረዋል፤ ስለዚህ ፍርሃቱን ዳቦና ጠላ ያለብሰውና ማኅበር ይለዋል። እናንተ ማኅበርተኛ ከሆናችሁ አትቆጡኝ። ይህን ያየሁት በራሳችን ቤት ነው።

ደብረ ማርቆስ ውስጥ ይህ ፍርሃት የሚብሰው በእኛ በካቶሊኮቹ ላይ ነበር። ጥቂት ነን፤ ሁላችንም ከሌላ አገር የመጣን። አባቴ አናጢ ነው፤ ጣሊያን ከመግባቱ በፊት ለሥራ መጥቶ በዚያው ቀረ። ካቶሊክነቱም ከአያቱ የወረደ ነው። ግን ይህን ማን ይሰማዋል? ጣሊያን ከገባ ወዲህ ገበያ ስንወጣ «የፓድሬው ዘመዶች መጡ፤ መንገድ ልቀቁላቸው» ይሉናል፤ ፓድሬ የሚሉት የሚሲዮናችንን ጣሊያናዊ ቄስ ነው። እነሱ ይስቃሉ፤ እኛም አብረን እንስቃለን። ደብሩ የመቃብር ቦታ አይሰጠን፤ የሰፈሩ ማኅበር አያስገባን።

ስለዚህ ፓድሬው በቅዱስ ዮሴፍ ስም የወንድማማቾች ማኅበር እንመሥርት ሲሉ ወንዶቹ ሁሉ እሺ አሉ። ሕጉ አጭር ነበር፤ የታመመ ይጠየቃል፣ የሞተ ይቀበራል፣ በየወሩ ተሰብስቦ ይጸለያል። ፓድሬው ያሰቡት ሚሲዮኑ ውስጥ አግዳሚ ላይ ተደርድሮ መጸለይን ነው። የእኛ ሰዎች ጽዋ ይዘው መጡ። አባቴ ከወይራ የጠረበው፣ ክዳን ያለው ጽዋ ነበር። ጽዋው ከቤት ወደ ቤት ይዞራል፤ ያለበት ቤት የወሩ ባለተራ ነው። ባለተራው ደግሶ ካበላና ካጠጣ በኋላ ጽዋውን ለሚቀጥለው በገዛ እጁ ያስረክባል። ሚስት የምታስረክበው ባል ሲሞት ብቻ ነው። ፓድሬው መጀመሪያ ተቆጡ፤ ቀጥለው ተከራከሩ፤ በመጨረሻ ጠላው ሲቀርብላቸው ቀመሱና ዝም አሉ።

የማኅበራችን ታሪክ ደስ የሚለው ክፍል ይኸው ነው።

ጽዋው ጋሽ ላቀው ቤት በገባበት ወር ጋሽ ላቀው ታሰሩ። ዳቦ ጋጋሪ ናቸው፤ ለጣሊያን ጦር ይጋግሩ ነበር። ቁይ አካባቢ ውጊያ ሆኖ፣ ከወደቁት አርበኞች በአንዱ ስልቻ ውስጥ የእሳቸው ዳቦ ተገኘ ተባለ። ችሎት ሲቀርቡ ያስተረጎመላቸው ወጣቱ ተስፋይ ነው፤ የማኅበሩ ወንድም፣ በተራም ከእሳቸው ቀጥሎ ያለው። ጠዋት ሁለቱም ገቡ። ከሰዓት በኋላ ተስፋይ ብቻውን ወጣ። ጋሽ ላቀውን በካሚዮን ጭነው ወስደዋቸዋል፤ የት እንደሆነ የነገረን የለም።

ተስፋይ ያውቃል። ማወቁን እኛም እናውቃለን። ግን የችሎት ምስጢር ያወጣ አስተርጓሚ በዚያው ካሚዮን እንደሚጫን ስለምናውቅ ማንም አልጠየቀውም። መንገድ ላይ ሲያገኘን ጫማውን እያየ ያልፋል።

የማኅበሩ ቀን ደረሰ። ተረካቢ አለ፤ አስረካቢ የለም። አባቴ የጋሽ ላቀውን ባለቤት፣ እትዬ ብርቄን፣ «እንዴት እናድርግ?» ቢላቸው፣ «ባለተራው ሲመጣ በእጁ ያስረክባል» ብለው መለሱት። ከዚህ በኋላ ማን ደፍሮ ይጠይቃቸው? ጽዋውን አምጪ ማለት ባልሽ ሞቷል ማለት ነው። ፓድሬው ነገሩ ሲነገራቸው ገረማቸው። «ብርጭቆ ሞልቶ የለም እንዴ?» አሉ። ማኅበሩ ሳይሰበሰብ ክረምቱ አለፈ።

መስከረም ላይ እትዬ ብርቄ ራሳቸው ጠሩን። «ተራው የእኛ ነው፤ ደግሻለሁ» አሉ። ማኅበርተኛው ከነቤተሰቡ ሄደ፤ እኔም ከእናቴ ጋር ሄድኩ። ተስፋይ ከሁሉ በኋላ መጥቶ በሩ አጠገብ መደቡ ላይ ተቀመጠ። አባቴ ጸሎቱን አደረሰ። እትዬ ብርቄ ጽዋውን ሞልተው ይዘው ተስፋይ ፊት ቆሙ።

«ተስፋይ ወንድሜ፣ ጋሽህን መጨረሻ ያየኸው አንተ ነህ» አሉት። «ምን አየህ አልልህም፤ አንተም እናት አለችህ። ይህን ጽዋ ከእጄ ትረከባለህ ወይስ ይቆይ?»

ተስፋይ ጫማውን አየ።

«ይቆይ፣ እትዬ» አለ።

እናቴ «ተመስገን» ስትል ሰማኋት። እትዬ ብርቄ ግን ከፊቱ ፈቀቅ አላሉም።

«እንግዲያው እሱ መጥቶ እስኪያስረክብህ በስሙ ተጎንጭለት።»

ተስፋይ ጽዋውን በሁለት እጁ ተቀበለ። ወደ አፉ አስጠጋው፤ መጠጣት ግን አቃተው። ጠላው ጉልበቱ ላይ ፈሰሰ። ከዚያ ቀስ ብሎ ከመደቡ ወረደና መሬት ላይ ተቀመጠ። ሰው እንግድነት በተጠራበት ቤት መሬት አይቀመጥም፤ መሬት የሚቀመጠው ለቀስተኛ ነው።

እትዬ ብርቄ ጽዋውን ከእጁ ወስደው ወደ ጓዳ ገቡ። ሲወጡ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ነበር። ወንዶቹም አንድ በአንድ ከመደቡ ወረዱ፤ መጨረሻ የወረደው አባቴ ነው።

ጮኾ ማልቀስ አልተቻለም። የታሰረ ሰው ቤት ነውና ካራቢኜሮቹ፣ የጣሊያን ፖሊሶች፣ ከአጥሩ ማዶ ቆመዋል፤ ላልተነገረ ሞት የሚያለቅስ ሰው፣ ማን ነገረህ ተብሎ ይጠየቃል፤ ያን ጊዜም ተጠያቂው ተስፋይ ነው። ስለዚህ ዳቦው ተቆረሰ፤ ቁራሹ ሁሉ እስኪያልቅ በልተን፣ አፋችንን ጠርገን ወጣን። እትዬ ብርቄም በሩ ድረስ ሲሸኙን ነጠላቸውን መልሰው አቃንተው ነበር። በር ላይ የቆመው ካራቢኜር አየንና ሳቀ፤ ጠግበው የወጡ ማኅበርተኞች ናቸው ብሎ ነው።