ኦፓኒን ኦዱሮ በስልክ ሽቦ ቀብር ያስተላለፉበት ገድል

በዘመነ መዳብ፣ የስልክ ሽቦ ኢንተርኔት በኩማሲ ከተማ ግቢያቸው በነገሠ በሁለተኛው ዓመት፣ የወገኑ አለቃ፣ ሥዩመ ላስቲክ ወንበር፣ መናኔ ምክር ኦፓኒን ኦዱሮ በክብር ተዘርግተው ኳስ ሲያዩ ሳለ እኅታቸው ማሜ አቺያ ዐረፉ። የሟች ልጅ ባፎ በሃምቡርግ የመኖሪያ ወረቀቱ አላልቅ ብሎት መምጣት ተሳነው፤ ሣጥኑንም ድንኳኑንም የቻለ እሱ ሲሆን፣ የለመነው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ሣጥኑ ሳይዘጋ የእናቱን ፊት በቀጥታ ስርጭት ማየት።

ወእምዝ ኦፓኒን ደረታቸውን ነፍተው እንዲህ ሲሉ አዋጅ አስነገሩ፦ «ስማ ሰፈር! ምን ያስጨንቃችኋል? የኔ መስመር ጥይት ነው! ጎሉ ከሜዳው ቀድሞ እኔ ሳሎን ነው የሚገባው!»

ይህን የሰሙት ጎረቤት፣ ልብስ ሰፊዋ ፖማ፣ በአጥር ላይ ብቅ ብለው የአጸፋ አዋጅ አወጁ፦ «አይቆጡኝና አባባ፣ የእርስዎ በስልክ ሽቦ የሚመጣው ነው። ከውጭ ሲያመጣ ይከንፋል፣ ወደ ውጭ ላክ ሲሉት ያነክሳል። ባንኮቹ የሚጠቀሙበት ለብቻቸው የተከራዩት ውድ መስመር ነው፣ እሱን ይተዉት። የኔ ግን ፋይበር፣ በመስታወት ክር የሚመጣው ነው፤ ሲያመጣም ሲልክም እኩል። ገመዱን በአጥሩ ላሳልፍልዎትና ልጁ እናቱን ይይ!»

«የኦዱሮ ዘር በቀሚስ ሰፊ ገመድ? ሞቼ ነው ቆሜ!»

በቀብሩም ቀን ኦፓኒን ቀይና ጥቁር ሸማቸውን ትከሻቸው ላይ ጥለው ዘመቱ፤ በቀኛቸው ከበሮ መቺዎች፣ በግራቸው አልቃሽ አክስቶች፣ በኋላቸው ሟችን የማያውቁ የድግሱን ጆሎፍ ሩዝ ግን ከሩቅ በመዓዛው የሚያውቁ ብዙ ሠራዊት፣ በፊታቸውም ባለካሜራው። ሬሳው ወደተኛበት ክፍልም ገብተው፣ ዓለም ሟችን ከማየቱ በፊት እርሳቸውን ይይ ብለው በካሜራው ፊት ተገተሩና አፋቸውን ለንግግር ከፈቱ።

በዚያች ቅጽበት መስመሩ ደከመ፤ ምስሉም በኦፓኒን ክፍት አፍ ላይ ደርቆ ቀረ።

ከሃምቡርግም ድምፅ መጣ፦ «አጎቴ! የርስዎ ጥርስ ብቻ ነው የሚታየኝ! እማዬን! እማዬን አሳዩኝ!»

ሌላ ሰው ቢሆን ይደነግጥ ነበር፤ እኚህ ጀግና ግን የጀርመንን አገር ረገሙ፣ ሣጥን የምታክለዋን የመስመር ማሽን በጥፊ አጮሉ፣ ነቅለው ሰኩ፣ ሰክተው ነቀሉ። ሽቦው እንደሆነ ያው ሽቦ ነው። ፖማ አላስችል ብሏቸው የገመዳቸውን ጫፍ በአጥሩ ወረወሩ፤ ኦፓኒንም ጠቅልለው መልሰው ወረወሩት፤ ከዘመቻቸው ሁሉ የተሳካላቸው ይኸው ውርወራ ነው። በዚህ መሐል ፓስተሩ ቸኮሉ፣ አስከሬን ጫኚው መኪና ጡሩምባውን ነፋ፣ ኦፓኒንም «ዝጉት!» ብለው አወጁ። ሣጥኑ ተዘጋ።

ስለዚህ ክብር ለኦፓኒን ኦዱሮ ይሁን! በባሕር ማዶ ጥርሳቸው የታየ፣ የእኅታቸውን ልጅ ከእኅታቸው ፊት ለመለየት የቻሉ፣ ከጎረቤት ገመድ ውርደት ወገናቸውን ያዳኑ እርሳቸው ናቸው! ኧረ እንዲህ ያለ አጎት ለጠላትም አይስጥ! መስመራቸውም ይመስገን፤ ከውጭ ማምጣቱንስ ማን ያማዋል? የባፎን ልቅሶ አንዲት ሲቃ ሳያስቀር ከሃምቡርግ አምጥቶ፣ ጥርት አድርጎ፣ ለግቢው ሁሉ አሰማው።