ለክራር መቺው የተሰጠ ይለፍ

[ጎባ፣ የኪነት ቡድኑ ቢሮ። ኃላፊው ሀይሉ ከሸዋ የመጣ፣ በጆሮው የሚመካ ሰው ነው። ዲኖ ዜማውን ራሱ ደርሶ፣ ካሴቱን ራሱ ቀድቶ በጊኒር ሾፌሮች እጅ የሚልክ ዘፋኝ ነው። አዲስ አበባ ያለ ሙዚቃ ቤት ጠርቶታል፤ ያለ ሀይሉ የይለፍ ወረቀት ግን ኬላ አያልፍም። ጠረጴዛው ላይ የዲኖ ካሴት ይጫወታል።]

ሀይሉ፦ ይሄ የተቀዳው በሰባ አራት ጥር ነው።

ዲኖ፦ ሰባ አምስት ነሐሴ መሰለኝ ጋሼ። ወይስ ሰባ አራት? ነሐሴነቱን ግን አልረሳም፤ ዝናብ ነበር።

ሀይሉ፦ በነሐሴ ጭቃ ይህን ያህል ሕዝብ ማን ይሰበስባል? ጭብጨባውን ስማው እስቲ።

ዲኖ፦ እሱ እኮ ቆርቆሮው ላይ...

ሀይሉ፦ ጭራሽ ቆርቆሮ ላይ ወጥተው ነበር? አይ የባሌ ሰው።

[ዓይኑን ጨፍኖ የሙዚቃ ባንዱን በጆሮው ይመረምር ጀመር። ክራር መቺው አዛውንት ነው አለ፤ ጣቱ ይከብዳል። ከበሮ መቺው ጎረምሳ ነው፣ ያውም ያላገባ፤ ይቸኩላል። ተቀባዮቹ ወንድማማቾች ናቸው፤ ሰሞኑን ተጣልተዋል። ዲኖ አፉን በከፈተ ቁጥር ጆሮዬን አትረብሸው ይለዋል።]

ዲኖ፦ የመጣሁት ለይለፉ ነበር ጋሼ።

ሀይሉ፦ አንተ አትሄድም። ክራርና ከበሮ መቺ ሞልቶኛል፤ የጎደለኝ ዘፋኝ ነው። ከሰኞ ጀምሮ የኪነቱ ነህ።

ዲኖ፦ ሙዚቃ ቤቱስ? ሁለት ዓመት ሙሉ ስጽፍላቸው ኖሬ አሁን ነው እሺ ያሉኝ።

ሀይሉ፦ ጓደኞችህ ይሂዱ። እኔ የሰው እንጀራ አልዘጋም። [ወረቀት አወጣ።] የክራር መቺው ስም?

ዲኖ፦ [ጥቂት አስቦ] ዲኖ አብዶ።

ሀይሉ፦ እንዳንተ?

ዲኖ፦ ልክ እንደኔ።

ሀይሉ፦ እዚህ አገር ዲኖ እንደ ገብስ ነው፤ አብዶም አብሮት ይበቅላል። [ጽፎ፣ ማህተም መትቶ ሰጠው።] ከበሮ መቺውስ?

ዲኖ፦ ዲኖ አብዶ።

[ብዕሩ ቆመ።]

ሀይሉ፦ ወንድማማቾቹስ?

ዲኖ፦ ዋላሂ፣ ልነግርዎት ነበር፤ ጆሮዬን አትረብሽ አሉኝ። ሁለት ቴፕ አለኝ። ክራሩን በአንዱ እቀዳለሁ። እሱን እያጫወትኩ ከበሮውን ስመታ ሁለቱን በሌላው እቀዳለሁ። ከዚያ ዘፈኑን፣ ከዚያ ተቀባዩን። ባንድ የሚሆነኝ ሰው ስላጣሁ ነው።

[ሀይሉ ወረቀቱን ሊቀማው እጁን ዘረጋ። ግን የተሰረዘ ይለፍ ምክንያቱ ተጽፎ ለበላይ አካል ይላካል። ምን ብሎ ይጻፍ? እጁን መልሶ አገጩን ያዘበት።]

ሀይሉ፦ እሺ፣ ክራር መቺው ይሂድ። ዘፋኙ ግን ሰኞ እዚህ ይገኛል።

ዲኖ፦ እነግረዋለሁ ጋሼ። በሰላም ይዋሉ።

[ዲኖ ወጣ። ሀይሉ ካሴቱን እስከ መጨረሻው ሰምቶ፣ ዘፋኙ መቼ እንደሚመለስ ሊጠይቅ መስኮቱን ከፈተ። የአዲስ አበባው አውቶቡስ የሮቤን መንገድ ይዞ ነበር።]